ስም የሌለው ምሳሌ

ዊኒፔግ፣ ካናዳ
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣ ለጋሼ ተካ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በረዶው ገና በጥቅምት ጀመረን እንጂ ሌላ የምከሰው ነገር የለም። «አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩት ፊደል ልታሳዩኝ ነው እንጂ በስልክ አሎ አሎ ልትሉኝ አይደለም» ብለው ስለተቆጡኝ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ልጅዎ ሚስጥር አትማ ትስጥዎት። የእርስዎን መልስም እንደ ልማዷ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ።

የጻፍኩት ለሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው የሥራ ነው። ሶሻል ወርክ የምማርበት ትምህርት ቤት ዘንድሮ አንድ ክፍል እንዳስተምር ሰጥቶኛል። ትምህርቱ ነባር ሕዝቦች ሐዘንንና ጠብን በራሳቸው መንገድ እንዴት እንደሚያክሙ ነው። ሩት የምትባል የዚህ አገር ቀደምት ሕዝብ ሽማግሌ አብራኝ ታስተምራለች። እነሱ ዘንድ ከሽማግሌ ታሪክ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ትንባሆ በእጁ ይሰጣል፤ ደንብ ነው። ባለፈው ሳምንት ሩት «የአንቺ ሰዎችስ፣ በመሐላቸው ደም ሲገባ እንዴት ይታረቃሉ?» አለችኝ። ሰባት ዓመት የተማርኩት የሌላ ሰው መጽሐፍ ነው። የእርስዎን ሽምግልና ያየሁት ደግሞ በልጅነቴ በአጥር ቀዳዳ ነው፤ እሱንም እማዬ «ልጅ አይሰማም» እያለች ታባርረኝ ነበር። እባክዎ በእውነት የሆነ አንድ ጉዳይ፣ ከእነ አካሄዱ ይጻፉልኝ።

ሁለተኛው፣ እማዬ ስልክ አታነሳም። ሦስት ሳምንት ሆናት። የወንድሜ የምንተስኖትም ስልክ ዝግ ነው። ለመስቀል ስደውል ቤቱ በሳቅ ተሞልቶ፣ ወንድሜ ክትፎውን በካሜራ እያሳየ ሲያስቀናኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ምን ሆነው ነው? ገንዘብ ካስፈለገም ይንገሩኝ፣ እልካለሁ።

ምርቃትዎ አይለየኝ።
የእህትዎ ልጅ ትርሲት


ቡታጅራ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለትርሲት፤

ብርዱ ይራቅሽ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ፣ እጅሽ የያዘው ይባረክ። እኛ ሁላችንም አለን።

መልሴ ዘገየ፤ ይቅር በይኝ። ስለ ትንባሆው የጻፍሽውን አብረውኝ ለሚሸመግሉት ለሐጂ ኡበይድ ባነብላቸው ሳቁ። «ለእኔ ትንባሆ ብትሰጠኝ መጀመሪያ የምቀጣው እሷን ነው» አሉ። ነገሩ ግን ገብቷቸዋል። ታሪክ እንዲሁ አይወሰድም ማለት ነው፤ እሱ እኛም ዘንድ አለ።

እናትሽ ጉሮሮዋን አሟት ድምፅዋ ተዘግቷል። ምንተስኖት ጉንችሬ ነው። የባለቤቴ ወንድም ለእንሰት ማሳው ሰው ፈልጎ ነበርና እሱ ዘንድ ሰነበተ። እዚያ ኔትወርክ ያስቸግራል። ገንዘብ አትላኪ።

የጠየቅሽኝ ይኸውልሽ። ደም ሲገባ፣ በአደጋም ቢሆን፣ የገዳይ ወገን በመጀመሪያ ከዓይን ይርቃል። ገበያ አይወጣም፣ ሠርግ አይሄድም፣ ሐዘንተኛው በሚያልፍበት መንገድ አያልፍም። ይህ ቅጣት አይደለም፤ የሐዘንተኛውን ዓይን ማክበር ነው። ከዚያ ሽማግሌ ማልዶ ሄዶ ከሐዘንተኛው ደጅ መሬት ላይ ይቀመጣል። አይገባም። ይመለሳል። ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። አንድ ቀን ከቤት የሚጠጣ ውሃ ከወጣለት ነገሩ ተስፋ አለው። በመጨረሻ አድራጊው በሁሉ ፊት ያደረገውን ሳይቀንስ ይናገራል። የሟች እናት ከሁሉ በኋላ ትናገራለች፤ እሷ ካልፈቀደች ሽማግሌው ሁሉ ከንቱ ነው። ከፈቀደች ጉርዳ ይታሰራል። ጉርዳ ቃል ኪዳን ነው፤ ከታሰረ በኋላ ይህን ደም አንስቶ እበቀላለሁ ማለት የለም።

ጉዳይ ላልሽው፣ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ጓደኛሞች። አንዱ ሞተር ይነዳል፣ አንዱ ከኋላ ተቀምጧል። ከእንሴኖ ገበያ ሲመለሱ መታጠፊያ ላይ ወደቁ። የነዳው ተነሣ፤ የኋላው አልተነሣም። የነዳው ልጅ ጥሎት ሸሸ። በማግስቱ ሽማግሌ ይዞት ሄደና ለፖሊስ እጁን ሰጠ፣ በዋስ ወጣ። የመንግሥቱ ክስ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ የእኛ ሥራ ሌላ ነው። አንደኛው ቤት ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም በመሆኑ ነገሩ ወደማይሆን ቦታ እንዳይሄድ ሽማግሌው ከሁለቱም ወገን ነው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ ተመልሰናል።

ስማቸውን ተይው። ገና በሽማግሌ እጅ ያለ ነገር አደባባይ አይወጣምና ከክፍልሽ ግድግዳ እንዳያልፍ። እንዲያውም ባልጻፍኩልሽ ይሻል ነበር፤ ግን ሌላ ነገር ልጽፍልሽ ብቀመጥ እጄ እሱኑ ጻፈ።

አጎትሽ ተካ


ዊኒፔግ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ትምህርቱ እንዴት እንደ ሰመረ ቢያዩ! የደጁን ነገር፣ መሬት ላይ መቀመጡን፣ ውሃ እስኪወጣ መመላለሱን ስነግራቸው ሠላሳ አራቱም ተማሪዎች እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። አንዷ «ነጂው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ። «ጓደኛውን መንገድ ላይ ጥሎ የሸሸ ፈሪ ነው፤ የእኛ ባህል ግን ለፈሪም መመለሻ መንገድ ይተውለታል» አልኳት። አጨበጨቡልኝ።

ሩት ብቻ አላጨበጨበችም። «ታሪኩን ማን ሰጠሽ? ባለቤቶቹ ፈቅደዋል?» አለችኝ። አጎቴ እንደሰጡኝና ስም እንደሌለበት ነገርኳት። «ስሙን ስለደበቅሽ ባለቤት አልባ ሆነ ማለት አይደለም» ብላ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ትንሽ ከፋኝ፤ እውነቱን ለመናገር ቅናት መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቆጡ። እዚህ የጉራጌ ልጆች ማኅበር አለን። ነገሩን ሰምተው «በአማርኛ ድገሚልን» አሉኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ አቀረብኩላቸው። ቀርጸው ቴሌግራም ላይ ለቀቁት፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ስድስት ሺህ ሰው አይቶታል። ስም አልጠራሁም። ቡታጅራ መሆኑንና አጎቴ በሽምግልናው ውስጥ መኖራቸውን ብቻ ነው ያነሳሁት፤ ስለኮራሁብዎት ነው። አስተያየቱን ቢያነቡ! «ባህላችንን አስከበርሽ» ያለኝ ሰው ብዛቱ!

አሁን የልቤን ልጠይቅዎት። የጉሮሮ ሕመም ሁለት ወር ይቆያል? እማዬ በጽሑፍ እንኳ አልመለሰችልኝም። ደግሞ «ገንዘብ አትላኪ» አሉኝ። ከአገር ቤት ገንዘብ አትላኪ የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ፈራሁ ጋሼ።

ትርሲት


ቡታጅራ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትርሲት፤

ያን ቪዲዮ አስወርጂው። ዛሬውኑ። ለማኅበሩም ንገሪ፣ ያጋራውም ያጥፋ። ለምን አትበይኝ።

ተካ


ዊኒፔግ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

አስወርጄዋለሁ። ሌሎች ያጋሩት ግን በእጄ አይደለም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ሆነ። ምን አጠፋሁ? ሰላምታ እንኳ ሳይጽፉልኝ ደብዳቤ ሲልኩልኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ የእርስዎን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። «እኛ ሁላችንም አለን» ብለዋል፤ ደህና ነን አላሉም። ምንተስኖት ባለፈው ዓመት ሞተር እንደገዛ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ቀይ ነው። ያ ነጂ ማን ነው?

ትርሲት


ዊኒፔግ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሚስጥርም መልእክቴን ከፍታ አይታ አትመልስም። እናቴ በሕይወት አለች? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ፤ ሌላውን እችለዋለሁ።

ትርሲት


ቡታጅራ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትርሲት፤

እናትሽ በሕይወት አለች። ጉሮሮዋንም አላመማትም። ስልክ የማታነሳው ለአንቺ መዋሸት ስለማትችል ነው፤ ውሸቱን ለእኔ ተወችልኝ።

አባትሽ ያረፈ ጊዜ አስታውሺ። አዲስ አበባ ትማሪ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ አሥራ ሁለት ሰው ሆነን የተከራየሽበት ደጅ ደረስን። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። ሰሚው ሲወድቅ የሚደግፍ እጅ አብሮ ይሄዳል። ዊኒፔግ ላይ ምን እጅ ነበረኝ? ወረቀት ሰው አይደግፍም። ስለዚህ አንድ ሰው ወደዚያ እስኪሄድ ወይም አንቺ እስክትመጪ ብዬ አቆየሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቱን ስገሥጽ ኖሬ፣ እኔው ደበቅኩ። አሁን ግን ቁጭ በይ። ሰው ካለ አጠገብሽ ይቀመጥ።

ነጂው ምንተስኖት ነው። የሞተው ዑመይር ነው። የሸረፋና የመሕቡባ ልጅ፣ ከአጥራችሁ ማዶ ያደገው፣ አንቺ ፊደል ያስቆጠርሽው ዑመይር። ከመስቀል በኋላ፣ መስከረም 28 ቀን ነው የሆነው።

አንቺ የተናገርሽው ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜ ሄደን ውሃ ወጥቶልን ነበር። ውሃውን ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ሙዝደሊፋ ነው። በሳምንቱ ያ ቪዲዮ እጁ ገባ። እኛ ደጁ ተቀምጠን ሳለ ወጥቶ ስልኩን ፊታችን አድርጎ ድምፅሽን አሰማን። «የወንድሜን ደም እዚህ በሹክሹክታ ትይዛላችሁ፣ እዚያ የገዳዩ እህት ጭብጨባ ትቀበልበታለች» አለን። የማን እህት እንደሆንሽ ሳታውቂ ነው ብል ማን ያምነኛል? ውሃ ያመጣበትን ጆግ አንስቶ ገባ፣ በሩም ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ወጣቱ በየሱቁ በር ቆሞ ይንሾካሾካል። የእነሱም ልጆች፣ የእኛም ልጆች። እናትሽ ከግቢ አትወጣም። ሐጂ ኡበይድ «ሁዳዴውም ረመዳኑም ሳይገባ ካልቋጨነው ከእጃችን ይወጣል» እያሉ ነው። ፈርቻለሁ ትርሲት። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ አንቺ ላይ አላሳብብም።

ተካ


ዊኒፔግ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

አልተቀመጥኩም ነበር። ወድቄ ያነሳችኝ ሩት ናት።

በጣም ተቆጥቼብዎታለሁ። ይህን ሳልጽፍ ሌላ ነገር ብጽፍ እንደ እርስዎ መሆኔ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ወንድሜ እንሰት ሲተክል፣ እናቴ ስትስል እያሰብኩ ኖርኩ። ዑመይር በሞተ በሁለት ወሩ ሠላሳ አራት ሰው ፊት ቆሜ «ሟች» አልኩት። ወንድሜንም ፈሪ ብዬ ተጨበጨበልኝ። ይህን ጭብጨባ ከጆሮዬ የሚያወጣልኝ ማን ነው?

ዑመይር እኮ የራሱን በርጩማ ተሸክሞ ነበር የሚመጣው። የእኛ በርጩማ አይመቸኝም ይል ነበር፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው። «ሀ ሁ»ን ሳይጨርስ ዳቦ አይነካም። ካደገ በኋላ የእማዬን ሬዲዮ ስንቴ ሠራላት፤ አንድ ጊዜም አላስከፈላትም።

እትዬ መሕቡባን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ልደውልላት? ልምጣ? የሚያዙኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእሷ ያንብቡላት፤ በእርስዎ ላይ የተቆጣሁበትንም አይዝለሉ።

ትርሲት


ቡታጅራ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትርሲት፤

ጥምቀቱ በሰላም አለፈ፤ አንቺንም በያለሽበት ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ይዤ አራት ጠዋት ከመሕቡባ ደጅ ተቀመጥኩ። በአራተኛው እሷው ወጣች። ሙዝደሊፋ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ቁጣሽን ሳልዘል አነበብኩላት። በርጩማው ጋ ስደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ የተናገረችውን በመጣሁበት እግሬ ጽፌዋለሁ፤ ቃሏን አልነካሁም።

«ተካ፣ ልጅቷን ሰምቻታለሁ። ሙዝደሊፋን ሦስት ጊዜ አሰማኝ አልኩት። ድሮም ምላሷ የተባ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ሟች አለች፤ ቆጥሬያታለሁ። ልጄ ስም የለውም? እኔ እኮ አውጥቼለታለሁ። ስም ያላወጣሁለት ይመስል!

«እኔ እንዳትመጣ ነው የምፈልገው። መጥታ እግሬ ላይ ብትወድቅ እኔና እሷ እናለቅሳለን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ግን ሟች ማለቷን ብቻ ያውቃል። እዚያው በተናገረችበት ቦታ ትቁም። ለፈረንጆቹም፣ ለእኛዎቹም። ስሙን ትጥራ። የማን ልጅ እንደሆነ ትናገር። ፊደል ያስቆጠረችው እሷ እንደሆነች ትናገር። የነዳው ወንድሟ እንደሆነ ትናገር። ፈሪ ያለችውን አትሰርዘው፤ ፈሪ ነው። ግን ፈሪው ወንድሜ ነው ትበል። ከዚያ በሬን እከፍታለሁ። ያለዚያ አላህ አለ፤ እኔ ሰው ላይ ክፉ አላዝም፣ ግን አልታረቅም።»

ሙዝደሊፋ «እሷ ይህን አታደርገውም፤ ክብሯን ትወዳለች» አለ።

ሐጂ ኡበይድ ለእርቁ እሑድ የካቲት 9ን ቆርጠዋል። ምንተስኖት ይህን ሁሉ ሰምቷል። ከጉንችሬ «እህቴ ስለ እኔ ብላ ሥራዋን እንዳታጣ» ብሎ ልኮብኛል። እኔ አድርጊም አታድርጊም አልልሽም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የማውቀው ይህንኑ ነው።

አጎትሽ ተካ


ዊኒፔግ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ተካ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ። አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ የክፍላችን ኃላፊ ከለከለችኝ። የባለጉዳይ ስም አይገለጥም፤ የሥራችን የመጀመሪያው ደንብ ነው፣ እኔም ራሴ ያስተማርኩት ነው። ደግሞ ራሴን ከጉዳዩ ጋር ማያያዝ ለወደፊቱ እንደማይጠቅመኝ በለሆሳስ ነገረችኝ። «ስሙ ይጠራልኝ ያለችው እናቱ ናት» አልኳት። ሩትም ገብታ «ደንቡ የተሠራው ሰውን ለመጠበቅ ከሆነ፣ እናትየው መጠበቅ የምትፈልገውን ነግራችኋለች» አለች። ኃላፊዋ በመጨረሻ «በራስሽ ኃላፊነት» አለችኝ። የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ለእኔ ይሰጥ አይሰጥ ገና አልታወቀም።

ሌሊቱን ተዘጋጅቼ ወረቀት ይዤ ገባሁ፤ ወረቀቱን አላየሁትም። «ባለፈው ሟች ያልኳችሁ ልጅ ዑመይር ሸረፋ ይባላል» አልኩ። ሩት ወንበሯን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ በርጩማውን ነገርኳቸው። ሬዲዮውን ነገርኳቸው። «እናቱ መሕቡባ ትባላለች፤ ከአጥራችን ማዶ ናት» አልኩ። «ጥሎት የሸሸው ፈሪ ምንተስኖት ይባላል። ወንድሜ ነው» አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። ያቺ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ተነሥታ ቆመች፣ ከዚያ ሁሉም ተነሡ፤ እንደ እኛ አገር ለቅሶ ቤት ዝም ብለው ቆሙ።

በማግስቱ ለማኅበሩ በአማርኛ ደገምኩት። ስድስት ሺህ ሰው አላየውም፤ አራት መቶ ቢሞላ ነው። የሚሰድበኝም አለ፤ ገመናሽን አደባባይ አወጣሽ ይሉኛል። ይስደቡኝ። ቪዲዮውን ለሚስጥር ልኬዋለሁ፤ እትዬ መሕቡባ ዘንድ ይዛው ትሂድ።

ለምንተስኖት ሁለቱንም ይንገሩት። ፈሪ ብዬዋለሁ። ወንድሜ ነውም ብያለሁ።

የካቲት 9 ሥራ አልገባም። ምንም ቢሆን፣ ክፉም ቢሆን እንዳይደብቁኝ። ሩት አብራኝ ታድራለች፤ የሚደግፍ እጅ አለኝ።

ትርሲት


ቡታጅራ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርሲት፤

የሰማይ አምላክ ለዚህ ቀን አድርሶናልና ክብር ይግባው። የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

ትናንት ማለዳ በሐጂ ኡበይድ ግቢ፣ ከእንሰቱ ጥግ ተሰበሰብን። እኛ በአንድ ወገን፣ እነሱ በሌላ ወገን፣ ሽማግሌውና ከእኛ ወገን የመጡት ቄስ በመሐል። ምንተስኖት በሌሊት ከጉንችሬ መጣ። ከስቷል፤ ብታይው አታውቂውም። መሬት ላይ ተቀመጠ። እናትሽ ከኋላው ነበረች። ከአራት ወር በላይ ሆኗት ከግቢዋ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐጂ ኡበይድ «ተናገር፤ አትቀንስ፣ አትጨምር» አሉት።

«ወድቀን ስነሣ ይተነፍስ ነበር» አለ። «እግሬን አለኝ። ሰው ልጥራ አልኩት። ሄድኩ። ሰው ግን አልጠራሁም። የመጀመሪያውን ቤት አለፍኩት፣ ሁለተኛውንም አለፍኩት። ሰው እንዳያየኝ ፈራሁ። ሞተሩን እኔ ነኝ ያፈጠንኩት፤ እሱ ቀስ በል ብሎኝ ነበር።»

ይህን «ቀስ በል» የሚለውን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሙዝደሊፋ ተነሥቶ ቆመ። ሁለት ሽማግሌዎች እጁን ያዙት፤ ቆሞ ቆሞ መልሶ ተቀመጠ።

መሕቡባ ተራዋ ሲደርስ «ብትጠራ ኖሮ ይድን ነበር?» አለችው።

«አላውቅም እትዬ።»

«ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተኸው ታውቃለህ?»

«አልችልም።»

«እህትህ ባሕር ማዶ ቆማ ጠርታዋለች። አንተም ጥራው።»

አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም። እናትሽ ከኋላው «በል ልጄ» አለችው። ደግሞ ሞከረ። በሦስተኛው ብቻ፣ ሰው ሰውን ከአጥር ማዶ እንደሚጠራ ጮክ ብሎ «ዑመይር!» አለ።

መሕቡባ «አቤት» አለች።

ትርሲት፣ አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ሃያ ዓመት ሸምግያለሁ፤ ይህ በሕጋችን የለም። ማንም አላዘዛትም። ሐጂ ኡበይድ ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዙረው አለቀሱ፣ ቄሱም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ምንተስኖት በግንባሩ ተደፋ። ቀና ያደረገችው እሷ ናት።

ጉርዳው ታሰረ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩ፣ ከአንድ ቆጮ ቆረስን። ሁሉም ነገር ሽሯል ብዬ አልዋሽሽም፤ መዋሸት ይበቃኛል። ሙዝደሊፋ ቆረሰ እንጂ ቀና ብሎ አላየንም፤ ጊዜ ይፈልጋል። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በመጋቢት ነው፤ ምንተስኖት የሚፈረድበትን ይቀበላል። ግን ዛሬ ጠዋት በሸረፋ ሱቅ በር አልፎ ሰላምታ ሰጠ፣ ሸረፋም መለሰለት። በሱቆቹ በር ይቆሙ የነበሩት ልጆችም በየሥራቸው ተበትነዋል።

መሕቡባ ልካብሻለች። «አሁን ታስተምረው፣ ፈቅጃለሁ፤ ስሙን ግን እንዳትዘል» ብላለች።

እናትሽ ዛሬ ገበያ ወጥታ ነበር። ሻጮቹ ሁሉ ሲያቅፏት ምንም ሳትገዛ መሽቶባት ተመለሰች። ነገ ጠዋት ደውዪላት። ጉሮሮዋ ድኗል።

አጎትሽ ተካ